የጋሼ ፍሥሐ ስዊዛዊ

ባለፈው ግንቦት ለወረዳችን ምክር ቤት ምርጫ ድምፅ ልሰጥ ለንደን፣ ኬንቲሽ ታውን ውስጥ ወዳለ አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ገባሁ። በሩን ስገፋው የወለል ሰም፣ የረጠበ ሱፍና በማሞቂያ ብረት ላይ የሚያርር አቧራ ሽታ ባንድነት ተቀበለኝ። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠችው ሴት አድራሻዬን ጠየቀችኝ፤ ደግማ ጠየቀችኝ። እኔ ግን ልጅ ሆኜ፣ እግሬ ከወንበሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ጉልበቴ ላይ ደብተር ዘርግቼ የጋሼ ፍሥሐን ድምፅ እሰማ ነበር። «ሰውዬው የመንደር ሐኪም ልጅ ነበር። አራት ነጥብ። ሂሩት፣ አራት ነጥብ ነው ያልኩሽ፤ ይሄ የዝንብ ኩስ ነው።»

ጋሼ ፍሥሐ በጃንሆይ ጊዜ የፓርላማ ጸሐፊ ነበሩ። እንደራሴዎቹ ሲናገሩ እሳቸው ይጽፉ ነበር። በወጣትነታቸው ለትምህርት ስዊዘርላንድ ተልከው በርን ከተማ ጥቂት ዓመታት ኖረዋል። ንጉሡ የወረዱ ጊዜ ጋሼ ፍሥሐ ለስብሰባ ጄኔቭ ነበሩ። ንግግራቸውን ሲጽፉላቸው ከኖሩት ሰዎች አንዳንዶቹ መረሸናቸውን እዚያው በሬዲዮ ሰሙና ወደ አገራቸው ሳይመለሱ ቀሩ። ባለቤታቸው ቀደም ብለው ስላረፉ፣ አምሃ የሚባለው አንድ ልጃቸው አዲስ አበባ አክስቱ ቤት ቀረ። እሳቸው ዞረው ዞረው ለንደን መጡና አንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ተቀጠሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሊያስተምሩን ሲመጡ እጃቸው የበረኪና ሽታ ነበረው። የጣቶቻቸው ቆዳ ከመሰነጣጠቁ የተነሣ ጠመኔው ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ነጭ መስመር ይሠራ ነበር።

የቅዳሜውን ትምህርት ያቋቋመው የወላጆቻችን ማኅበር ነው። ሊቀ መንበሩ አባቴ በየነ ነበር፤ ቀጭን፣ ጢሙን ያሳደገ፣ ሲጋራውን በሲጋራ የሚለኩስ ወጣት። የማኅበሩ ሰዎች ደርግን ይጠላሉ፤ ጃንሆይንም ይጠላሉ፤ ከሁሉ አብልጠው ግን ከሌላው ማኅበር ሰዎች ጋር ይጠላላሉ። እኛ ልጆቹ አማርኛ እንዳንረሳ አዳራሹን ተከራዩልን። በሳምንቱ ሌሎች ቀኖች የእንግሊዝ አሮጊቶች ሻይ የሚጠጡበት አዳራሽ ነው፤ ግድግዳው ላይ የንግሥቲቱ ሥዕል፣ ጥግ ላይ እግሩ የተሰበረ ፒያኖ ነበር። ክረምት ሲገባ በላምባ የሚሠራ ማሞቂያ መካከል ላይ ይቆማል። ከፊቱ የተቀመጠ ፊቱ ይቃጠላል፤ ጀርባው ይቀዘቅዛል።

ጋሼ ፍሥሐ ደግ አስተማሪ አልነበሩም። ጆሮ ይቆነጥጡ ነበር። የተሳሳተ ሰው ጽሑፉን ቆሞ እንዲያነብ ያደርጉና ለክፍሉ፣ «ይህን ልጅ አገሩ ብንመልሰው በራሱ ቋንቋ መንገድ ይጠፋበታል» ይላሉ። እኛም በፋንታችን አንራራላቸውም ነበር። ትንሽ ያነክሱ ስለነበር ከኋላቸው እያነከስን እንከተላቸዋለን። የአማርኛ መጽሐፍ አልነበረንም። ማኅበሩ የሚያባዛው ቀለም የሚለቅ የፖለቲካ ወረቀት ብቻ ነበር፤ እሳቸው ግን «ይሄ ለልጅ አይሆንም» ብለው አላስነካም አሉ። በዚያ ፋንታ የአንድ ስዊዛዊ ፖለቲከኛ ታሪክ በቃል ያስጽፉን ጀመር።

የስዊዛዊው ስም ረጅምና ከጉሮሮ የሚወጣ ስለሆነ ማናችንም ልንለው አልቻልንም። ስለዚህ «ሰውዬው» ሆኖ ቀረ። ሰውዬው ከሞተ ያን ጊዜ መቶ ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ተማረ፤ ጠበቃ ሆነ። በከተማው ጥቂት የጥንት ቤተሰቦች ወንበሩን ሁሉ ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርሱት አይቶ ጋዜጣ አወጣ። ጋዜጣውን ዘጉበት። ተሰደደ፤ ተመለሰ፤ ተመረጠ። አገሩ በሃይማኖትና በአውራጃ ተከፋፍሎ ሲዋጋ እሱም ጠመንጃ አነሣ። እዚህ ላይ ነቃ አልን፤ ደም ይመጣል ብለን። ጋሼ ፍሥሐ ግን ጠመኔያቸውን ወደ እኛ ቀስረው፣ «ጦርነቱ ቶሎ አለቀ። ያሸነፉት የተሸነፉትን አልፈጇቸውም። ጻፉ፤ አልፈጇቸውም» አሉ። ከዚያም ሰውዬው ከሌሎች ጋር ሆኖ ሕገ መንግሥት ጻፈ። አገሪቱን ከሚመሩት ሰባት ሰዎች አንዱ ሆነ። በተራው ለአንድ ዓመት ፕሬዝዳንት ተባለ። ዓመቱ ሲያልቅ ወንበሩን ለቀጣዩ ለቀቀ።

ከመካከላችን አንዱ እጁን አወጣ። «ከዚያ ማን ገደለው?»

«ማንም አልገደለውም።»

«ታዲያ ለምን ለቀቀ?»

ጋሼ ፍሥሐ ልጁን አተኩረው አዩት። ሌላ ቀን ቢሆን ይሰድቡት ነበር። «ስላለቀ ነዋ» አሉት።

ማታ ይህን ለአባቴ ስነግረው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም ነበር። እኛ ቤት «ሊበራል» ማለት ስድብ ነው። ወተት የማታወጣ ላም፣ ሁለት ልብ ያለው ወንድ፣ ሲጨንቀው ወደ ጌታው የሚሮጥ አሽከር፣ ሁሉም ሊበራል ይባላል። አባቴ ሳህኑን ገፋ አድርጎ፣ «ልጆቻችንን ሊበራል ሊያደርጋቸው ነው» አለ። ያን ጊዜ ነው አባቴ ጋሼ ፍሥሐን «እሱ» ብሎ ሲያነሳቸው መጀመሪያ የሰማሁት። አብዮቱ አንቱን ሽሯል ይሉ ነበር፤ ሰው ሁሉ ጓድ ነው። በፊት ግን አባቴ «እርስዎ» ይላቸው፣ እሳቸውም «አንተ በየነ፣ ልጄ፣ ሲጋራውን ተው፤ ሳንባህን ነው የምታጨሰው» ይሉት ነበር። ለንደን እንደገባን የመጀመሪያውን ካፖርት የገዙለት እሳቸው ናቸው። እናቴን ሆስፒታል ወስደው ያስተረጎሙላትም እሳቸው ናቸው።

በየካቲት ማኅበሩ ስብሰባ ጠራ። ጉዳዩ አንድ ብቻ ነበር፤ ጋሼ ፍሥሐ ከማስተማር ይነሡ ወይስ ይቀጥሉ። ለቅዳሜ ከሰዓት ተቆረጠ። ሰዉ ገና አልቆረጠለትም ነበር። እናቶቹ ልጆቻቸው ማንበብ መጀመራቸውን ያያሉ። አባቴ እየዞረ ሰው ያነጋግር ነበር፤ ግማሹ እሺ ይለዋል፤ ግማሹ ዝም።

ስብሰባው ሊደርስ ሲል፣ ሐሙስ ቀን፣ አበባ የምትባል ሴት ከካርቱም መጣች። ማኅበሩ የሚቀበላቸው ስደተኞች መጀመሪያ የሚያርፉት እኛ ቤት ነበር። አበባ ከአምሃ አክስት ጋር ጎረቤት ነበረች። ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ የአምሃን ነገር ለአባቴና ለእናቴ ነገረቻቸው። የደርግ ሰዎች ከቤት ወስደውት ነበር። በማግሥቱ መንገድ ዳር ተጥሎ፣ ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት ተገኘ። አክስቱ እንዳታለቅስ ተከለከለች። አበባ ስትናገር አታለቅስም ነበር፤ እጇን ብቻ እንደሚታጠብ ሰው ትፈትግ ነበር።

እናቴ ተነሥታ ነጠላዋን ፈለገች። «አሁኑኑ እንሂድ። አባት ናቸው፤ ይነገራቸው።»

አባቴ መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር። «ቅዳሜ ስብሰባ አለ» አለ።

«ምን አገናኘው?»

«ዛሬ ከተነገረው ሰው ሁሉ ያዝንለታል። ማንም እጁን አያወጣበትም። የልጆቹ ነገር እንዲሁ ይቀራል።» ድምፁን አለሰለሰ። «መርዶ መቼም በጠዋት ነው የሚነገረው። እሑድ በጠዋት እንሄዳለን። በወጉ።»

እናቴ ቆማ ቀረች። ነጠላውን አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አኖረችው። ከዚያ በሩ ሥር መቆሜን አየችና፣ «ሰምተሽ እንደሆነ አልሰማሽም» አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ፍሥሐ እንደ ወትሮው አስተማሩን። ሸሚዛቸው ተተኩሶ ነበር፤ ለስብሰባው መሆኑ ያስታውቃል። ሰውዬው እንዴት በገዛ ወዳጆቹ እንደተጠላ ነበር ያስጻፉን። ከእሱ ይልቅ የሚጮሁ ወጣቶች ተነሡ፤ ቀርፋፋ ነህ አሉት። በሚቀጥለው ምርጫ ሊጥሉት ተማከሩ። «የቀረውን ሳምንት» አሉና ሰሌዳውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። ፊታቸው ደስ ብሎት ነበር። የዚያኑ ሳምንት ለአምሃ ጫማ መላካቸውን ለእናቶቹ ነግረዋቸዋል፤ እግሩ አድጎ ይሆናል ብለው ከፍ አድርገው ነበር የገዙለት።

ከሰዓት ወላጆች ገቡ። እኛ ልጆቹ ፒያኖው ሥር ተኮልኩለን ተቀመጥን። አባቴ ከወረቀት አነበበ። «ጓድ ፍሥሐ፣ አንተ የልጆቻችንን አእምሮ በባላባት ተረት ትሞላለህ» አለ። ጋሼ ፍሥሐ ሲነበብ እጃቸውን አጣምረው ሰሙ። ተራቸው ሲደርስ ብዙ አልተናገሩም። ድምፁ በምስጢር በወረቀት እንዲሰጥ ለመኑ፤ ከደብተር ቆርጠው ያዘጋጁትን ብጥስጣሽ ወረቀትም ከኪሳቸው አወጡ። አባቴ፣ «እኛ እርስ በርስ የምንፈራው ነገር የለም፤ በእጅ ይሁን» አለ። በእጅ ሆነ። ሴትዮዋ አበባ ከኋላ ተቀምጣ ነበር፤ አዲስ ስለሆነች ድምፅ የላትም። እጆች ወጡ። የአባቴ ቀድሞ ወጣ። እናቴ መሬት መሬት እያየች የእሷንም አወጣች። ጋሼ ፍሥሐ ዞረው የእያንዳንዱን ሰው ፊት አዩ። ብዙዎቹ እጆች ወጥተው ነበር።

«ድምፅ ድምፅ ነው» አሉ። ከዚያ ያልጠበቅነውን ነገር አደረጉ። ከመጀመሪያው ወንበር ጀምረው ሰዉን ሁሉ እየዞሩ ጨበጡ። ያሸነፈን ሰው እጁን መጨበጥ ሰውዬው የሚያደርገው ነገር መሆኑን እኛ እናውቅ ነበር፤ አስጽፈውናል። አባቴ ጋ ሲደርሱ ትከሻውን መታ አድርገው፣ «አንተ በየነ፣ ጥሩ ተናገርክ፤ ግን ታጨሳለህ» አሉት። አባቴም ጨበጣቸው። ፈገግ ብሎ ነበር የጨበጣቸው።

እሑድ ማለዳ ሄድን። እኔን የሚይዘኝ ስላልነበረ እናቴ አስከተለችኝ። ጋሼ ፍሥሐ የሚኖሩት ከባቡሩ ድልድይ አጠገብ አንድ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ክፍል ተከራይተው ነበር። ደረጃው የተቀቀለ ጎመን ይሸታል። ሲከፍቱ ፒጃማቸው ላይ ማሰሪያው የተንጠለጠለ ካፖርት ደርበው ነበር። ምላጭ በእጃቸው ይዘዋል፤ ግማሽ ፊታቸው በሳሙና ተሸፍኗል። ያቺን የእናቴን ነጠላ፣ ጥለቱ ወደ አንገቷ የዞረውን አዩ። ከእኛ ኋላ የቆሙትን ጥቁር የለበሱ ወንዶች አዩ።

«አምሃ ነው?» አሉ።

«እግዜር ያጥናዎት ጋሼ» አለ አባቴ። «እርስዎ» ወደ አፉ ተመልሳ ነበር።

ጮኸው አላለቀሱም። ሳሙናው ፊታቸው ላይ እስኪደርቅ አልጋው ላይ ተቀመጡ። ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። የእሳቸው እንባ የወረደው ቆይቶ ነው፤ በሳሙናው ላይ መንገድ እያበጀ። አብራን የመጣችው አበባ ተንበርክካ ጉልበታቸውን ይዛ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ወረቀቱን፣ መንገዱን፣ አክስቱን። እሷ ብቻ ናት ያልዋሸቻቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ራሷን ዳበሷት።

«መቼ ገባሽ ልጄ?»

«ሐሙስ» አለች።

ክፍሉ ውስጥ የነበረው ለቅሶ ቀስ በቀስ ቆመ። ከታች በድልድዩ ላይ ባቡር አለፈ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

«ሐሙስ» አሉ ጋሼ ፍሥሐ። ወደ አባቴ ዞሩ። «ትናንት ስትጨብጠኝ ታውቅ ነበር?»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «መርዶ በጠዋት ነው የሚነገረው ብለን፣ በወጉ…»

«ዓርብም ጠዋት ነበረው። ቅዳሜም ጠዋት ነበረው።»

ጋሼ ፍሥሐ ተነሡ፤ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው መስተዋት ፊት ቆመው የቀረውን ጢማቸውን ላጩ። ፊታቸውን አብሰው ሲመለሱ ያለቻቸውን አንዲት ወንበር ለአባቴ ሳቡለት።

«ይቀመጡ እንጂ» አሉት። «እርስዎ ቆመው እኔ ልቀመጥ?»

አባቴ ልጃቸው ሊሆን የሚችል ሰው ነው። ፊቱ አመድ መሰለ። «ጋሼ፣ እባክዎን…»

«ግድ የለም፣ ይቀመጡ።»

በእኛ ወግ ለቅሶ ቤት ትቶ የሚሄድ የለም። ያን ጊዜ ሠልስቱ እስኪያልፍ የማኅበሩ ሰዎች እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ እየተፈራረቁ ተቀመጡ። ሐዘንተኛ አያስተናግድም፤ ሌሎች ናቸው የሚያስተናግዱት። ጋሼ ፍሥሐ ግን ማንንም እሺ አላሉም። ሻዩን ራሳቸው አፈሉ፤ ራሳቸው ቀዱ። ኩባያ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጎንበስ ብለው፣ «እርስዎ ይጨመርልዎ? ስኳር ይበቃዎታል?» እያሉ፣ እጃቸውን ላወጡባቸው ሰዎች ሁሉ፣ ለአንዱም ሳያጓድሉ አደሉ። ለእናቴ ሲሰጧት ሻዩ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። «አይዞዎት፣ እመቤቴ» አሏት። በፊት «አንቺ ልጅ» ነበር የሚሏት። አንቺ ያሉት ለእኔና ለአበባ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን አባቴ፣ ምናልባት የሚያደርገው ጠፍቶት ይሆናል፣ ከዚህ ሁሉ የከፋውን ነገር አደረገ። የአምሃን ፎቶግራፍ ጠየቃቸው። ማኅበሩ በሚያወጣው ጽሑፍ የፊት ገጽ ላይ ሰማዕት ተብሎ ይወጣ ዘንድ።

ጋሼ ፍሥሐ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ። «እርስዎ ሊቀ መንበር ነዎት» አሉት። «ድምፅ ያሰጡበት። በእጅ ይሁን።»

ፎቶግራፉን አልሰጡም።

ትምህርቱን ሌላ ሰው ተረከበው፤ ያን ቀለም የሚለቅ ወረቀት እያስነበበ። ልጆቹ አንድ በአንድ ቀሩ። ፋሲካ ሳይደርስ አዳራሹ ተለቀቀ። ማኅበሩም ብዙ አልቆየም፤ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ግማሹ ግማሹን ሊበራል አለው።

በጋ ላይ ጋሼ ፍሥሐን አውቶቡስ ማቆሚያ አገኘኋቸው። ከሥራ መመለሳቸው ነው። አጠገባቸው ቆሜ የምለው ጠፋኝና፣ «ሰውዬው በመጨረሻ ምን ሆነ?» አልኳቸው።

ስለ ማን እንደምጠይቅ ወዲያው ገባቸው። «በድምፅ ጣሉት» አሉ። «ወዳጆቹ ናቸው የጣሉት። ወደ መንደሩ ተመልሶ የጥብቅና ቢሮ ከፈተ። ለገበሬዎች ስለ ድንበርና ስለ ላም ይሟገት ነበር።»

«ከዚያስ?»

አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ። እሳቸው ግን አልተንቀሳቀሱም። «ከዚያማ አረጀ። ልጆቹ ቀበሩት።» ፊታቸውን አዙረው አውቶቡሱ ላይ ወጡ።

ደርግ ወድቆ ሰው ሁሉ አገር ቤት መመላለስ ሲጀምር እሳቸው አልሄዱም። በየሠርጉና በየክርስትናው እንገናኝ ነበር። አባቴን ባዩት ቁጥር ከመቀመጫቸው ይነሣሉ፤ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፤ «ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ከረሙ?» ይሉታል። እሱ ጢሙን ተላጭቶ፣ ሸብቶ፣ ሲጋራውን ትቶ ነበር። አንድ ጊዜ በአንድ ሠርግ ላይ፣ ሰዉ ወደ ጭፈራው ሲነሣ፣ አጠገባቸው ሄዶ ጎንበስ አለ። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» ሲላቸው ሰምቻለሁ።

«ምን በድለውኝ?» አሉት ጋሼ ፍሥሐ፣ በጣም በትሕትና። «በድምፅ ነው ያሸነፉኝ።» ወንበርም ሳቡለት።

ጋሼ ፍሥሐ ይሠሩበት በነበረው ሆስፒታል አረፉ። ሬሳቸውን ከተሸከሙት አንዱ አባቴ ነበር፤ ማንም አልከለከለውም፤ የሚከለክል ዘመድም አልነበራቸውም።

አባቴ አሁን ቶተንሃም ውስጥ ለሽማግሌዎች በተሠራ አንድ አፓርታማ ይኖራል። እናቴ ሞታለች። የወረዳው ምክር ቤት የምትረዳው ልጅ መድቦለታል፤ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ቤተሰቦቿ በሥርዓት ያሳደጓት፣ ሰላም የምትባል ልጅ። በመጀመሪያው ሳምንት ቢሮዬ ደወለችልኝ። አባቴ እንደተቆጣት ነገረችኝ።

«ምን አድርገሽው?»

«ምንም። ‹እርስዎ ቁርስ በልተዋል?› ነው ያልኳቸው። አንቱ አትበይኝ አሉ። እንዴት አድርጌ ነው እሳቸውን የሚያህል ሰው አንተ የምለው? አባቴ ቢሰማ ምን ይለኛል?»

ጠዋቱን አስፈቅጄ ሄድኩ። አባቴ አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቶ ነበር። ሰላም ትሪውን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። እንደሚፈልገው በይው ብዬ በዓይኔ ነገርኳት። ልጅቷ አንገቷን ደፋች፤ ድምፅዋ በጭንቅ ነበር የሚሰማው።

«ተነሣ ጋሼ» አለችው። «ሻይህ ይቀዘቅዛል።»

አባቴ ቀስ ብሎ ተነሥቶ፣ ኩባያውን ከእጇ ተቀብሎ ጠጣ።